አዞው ይውጣ፣ መጽሐፉ ይታተም

እኔ ኢዘዲን ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት ሰነፍ ሆኜ አይደለም። የሒሳብ አስተማሪዬ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላ ወገን ሆነን ስንፋጠጥ ኖረን፣ በመጨረሻ እሱ ተሸንፎ ወደ ነቀምት ተዛወረ። የሚመጥነኝ ሰው ስላጣሁ እኔም ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ መጽሐፍ ማከራየት ነው። አሶሳ መናኸሪያ አጠገብ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር፣ ሁለት ጣውላና አንድ ሸራ አለኝ። የዚያ ዛፍ ፍሬ ከትልቀቱ የተነሳ አንዱ ወድቆ የአይሱዙ ጣሪያ አሰርጉዷል። ያላመነኝ ሹፌሩን ይጠይቅ፤ ሹፌሩ ግን አሁን ሱዳን ነው።

ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው ክልሉ ገና አዲስ ሳለ ነው። ሁሉ ነገር ያኔ ከካርቶን እየወጣ ነበር። ቢሮ ይከፈታል፣ ወንበር የለውም፤ ወንበሩ ሲመጣ የቢሮው ስም ተቀይሮ ይጠብቀዋል። የኛም ታሪክ የሚያልፈው በአንድ እንዲህ ባለ ቢሮ በኩል ነው። ስሙን የማልጠራው ፈርቼ አይደለም፤ ሰሌዳ የሚጽፈው ልጅ አንዱን ጨርሶ ቀለሙ ሳይደርቅ ሌላ ስለሚታዘዝ እውነተኛውን ማንም አላወቀውም። ባህልም ይመለከተዋል፣ ወጣትም፣ ስፖርትም፤ አንድ ሰሞን የከብት ክትባትም ተደርቦበት ነበር። ኃላፊው አቶ በኃይሉ ይባላል። በአሶሳ ሙቀት፣ በመጋቢት ፀሐይ፣ ከረባት የሚያስር ብቸኛው ሰው እሱ ነበር። ከረባቱ ላቡን የሚጠርግበት ነው የሚሉ ነበሩ፤ እኔ አላልኩም።

እስከዳር የምትባል አስተማሪ ከደብረ ብርሃን ተመድባ መጣች። ሁለተኛ ደረጃ አማርኛ ታስተምራለች፤ ሁላችንም ቲቸር እንላታለን። እንደ ሌሎቹ ተመዳቢዎች የዝውውር ፎርም ከመሙላት ይልቅ ቁጭ ብላ ልብ ወለድ ጻፈች፤ «ጥላ ቀማኛው ጫካ» አለችው። ለወጣቶች የተጻፈ፣ ጨለማ ጨለማ የሚሸት፣ አስማት ያለበት ታሪክ ነው። አንድ መንደር አጠገብ ያለ ቀርከሃ ያብብና ጫካው የወጣቶችን ጥላ መቀማት ይጀምራል። ጥላው የተቀማ ልጅ እናቱ ሳይቀር ትረሳዋለች። ሐሴት የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የተረሳ ወንድሟን ፍለጋ ጫካ ትገባለች፤ ከጥላ ንግሥት ጋር ትደራደራለች፤ በመጨረሻም የመንደሩን ልጆች ጥላ ሁሉ አስመልሳ የራሷን እዚያው ትታ ትወጣለች።

«ለምን ጻፍሽው?» አልኳት አንድ ቀን።

«ተማሪዎቼ የሚያነቡት ሁሉ በረዶና ጥድ ያለበት ነው» አለችኝ። «የራሳቸው ቀርከሃ የሚያስፈራቸው አንድ መጽሐፍ ይኑራቸው ብዬ ነዋ።»

ማሳተሚያ ግን ከየት ይምጣ? ደሞዟ ለራሷም አይበቃም። አቶ በኃይሉ ሰምቶ ጠራት። ቢሮው አዲስ አበባ ልኮ ሊያሳትምላት ይችላል፤ ነገር ግን በቅድሚያ የተመረጡ አንባቢዎች አንብበው አስተያየት ይስጡ፤ ከተስማሙበት ይፈርማል፤ ካልተስማሙ በጀቱ ሰኔ መጨረሻ ይዘጋና በቃ። ለሚመጣው ዓመት ማን ያውቃል? ቢሮው ራሱ ለሚመጣው ዓመት መኖሩን አያውቅም።

ቲቸር ያላት በታይፕ የተመታ አንድ ኮፒ ብቻ ነው። ካርቦን ወረቀቱ ከማርጀቱ የተነሳ ሁለተኛው ኮፒ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ የጥላው ንግሥት ቀድማ የደረሰችበት ይመስላል። አራት አንባቢ በአንድ ሳምንት፣ አንድ ኮፒ። ስለዚህ ወደ እኔ መጣች።

በኛ ሥራ ይሄ ችግር አይባልም። ወፍራም መጽሐፍ ሲመጣ ጀርባውን በምላጭ እንሰነጥቀዋለን፤ ክፍል በክፍል እንለየውና በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት እንለብደዋለን። አንዱ ክፍል አንድን ሲያነብ ሌላው ክፍል ሁለትን ይዞ ይሄዳል፤ ሲጨርሱ ይለዋወጣሉ። አሶሳ ውስጥ ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ መጀመሪያው ያነበበ ሰው ሞልቷል፤ ገዳዩን በደንብ አውቆ ሟቹን የሚፈልግ።

«ኢዘዲን፣ ልትቆርጠው ነው?» አለች ቲቸር ምላጩን ስታይ።

«ቲቸር፣ እኔ የቆረጥኩት መጽሐፍ ሞቶ አያውቅም» አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች።

ከመቁረጤ በፊት ግን ጣሂራ ደረሰችብኝ። ጣሂራ አሥረኛ ክፍል ናት፣ የሆሞሻ ልጅ፣ ከኔ ደንበኞች ሁሉ መራራዋ። መጽሐፍ ስትመልስ «ይሄ ውሸት ነው»፣ «ይሄ ደግሞ ሰው ቀድቶ ነው» እያለች ነው። የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ጠዋት የጀመረችውን ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረሰች። ምን አለች መሰላችሁ? ምንም። ወረቀቱን አስተካክላ አስቀመጠችና እግሯ ሥር ያለውን የራሷን ጥላ አየት አድርጋ ሄደች። እኔ ያን ቀን ነው መጽሐፉ ደህና መጽሐፍ መሆኑን ያወቅኩት።

በማግስቱ አራት ቦታ ሰነጠቅኩት። ክፍል አንድ ለወይዘሮ ሸዋሉል ደረሰ፤ የሴቶች ጉዳይ ኤክስፐርት ናት። ክፍል ሁለት ለጋሽ የሻው፤ በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ የመጣ ገበሬ ነው፣ አሁን የሰፋሪዎች ተወካይ። ክፍል ሦስት ለሐጂ ዐወድ፤ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ የአገር ሽማግሌ። ክፍል አራት ለራሱ ለአቶ በኃይሉ፤ «ኃላፊ የሚያነበው ማጠቃለያ ነው» ብሎ መረጠ። ለሁሉም ተናገርኩ፦ ስትጨርሱ ወደ እኔ አምጡ፣ ቀጣዩን ትወስዳላችሁ።

ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም። ሐሙስ ዕለት ቤት ለቤት ዞርኩ።

«ጨርሼዋለሁ» አለች ሸዋሉል።

«ቀጣዩን ላምጣልሽ?»

«ኧረ ተወኝ እባክህ፣ ገብቶኛል። ልብ ወለድ መጀመሪያው ካማረ መጨረሻው ይታወቃል።»

ጋሽ የሻውም ገብቶታል። ሐጂ ዐወድም ገብቷቸዋል። አቶ በኃይሉ ጋ ስሄድ ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብላ ከበር መለሰችኝ፤ በመስኮት ሳይ ከረባቱን አውልቆ ተኝቷል።

ቅዳሜ ጠዋት የቢሮው በረንዳ ላይ ተሰበሰብን። ወንበሩ ከሠርግ ዕቃ አከራይ የመጣ ነው፣ ጀርባው ላይ ቀይ ሪባን እንደታሰረበት። ለስላሳና ብስኩት ቀርቧል። እኔ የመጽሐፉ አከፋፋይ ተብዬ ጥግ ተቀመጥኩ። ጣሂራ ወጣቱን ትወክላለች ተብላ አጠገቤ ሆነች። ቲቸር አዲስ ነጠላ ለብሳ፣ እጇን ጭኗ መሃል ቀብራ፣ ፈተና እንደሚጠብቅ ተማሪ ቁጭ ብላለች።

አቶ በኃይሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «የክልላችን የሥነ ጽሑፍ ዕድገት የደረሰበትን ደረጃ...» ብሎ ጀመረና ክልሉ ገና ምንም ደረጃ ላይ አለመድረሱ ሲታወሰው «የሚደርስበትን» ብሎ አቃናው። ከዚያ ዕድሉን ለሸዋሉል ሰጠ።

«እኔን በጣም አስደስቶኛል» አለች ሸዋሉል። «ፍቅር ነው። ያ ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ ደብተሯን ሲሸከምላት! ብቻ ጨለማ ጨለማ የሚሉት ለምን እንደሆነ አልገባኝም። እኔ እንዲያውም ብርሃን ነው ያየሁበት።»

«ብርሃን?» አለ ጋሽ የሻው፣ ወንበሩ እስኪንጫጫ ዞሮ። «ኧረ በሞቴ እቴ ሸዋሉል! ሰው በሌሊት ተነድቶ የማያውቀው ጫካ ሲከተት ብርሃን ይታይሻል? እኔ ማታ ማታ እያነበብኩ አልቅሻለሁ። ይሄ የኛ ታሪክ ነው። በሰባ ሰባት ከወረኢሉ ጭነው ሲያመጡን ቃል በቃል እንዲህ ነበር። ልጅቷ እኔ ነኝ!»

«ጋሽ የሻው፣ ሐሴት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት» አለች ቲቸር ቀስ ብላ።

«እኔስ ያኔ ልጅ አልነበርኩም?»

ሐጂ ዐወድ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። ሐጂ አማርኛን እንደ ሸቀጥ ነው የሚይዙት፤ የሚያስፈልጋቸውን ያህል ብቻ ያስገባሉ። «እናንተ አላነበበም» አሉ። «ይሄ የንግድ መጽሐፍ ነው። ንግሥት ጎበዝ ነው። ጥላ ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ ያያል፣ ይለካል፣ ከዚያ ዋጋ ይናገራል። ዱቤ የለም። ወላሂ፣ ልጄ እንደ እሱ ንግሥት ቢሆን ሱቁን ዛሬ እሰጠው ነበር።»

«ሐጂ፣ ንግሥቲቱ እኮ ክፉዋ ናት» አለች ቲቸር።

«ክፉ? አላታለለም! ሚዛኑ ልክ ነው!»

«ንግሥት የሚባል አላየሁም» አለች ሸዋሉል።

«እኔም» አለ ጋሽ የሻው።

«እንግዲያው ምን አነበባችሁ?»

ነገሩ ከዚህ በኋላ መልክ አጣ። አንዱ ልጁ ደብተር ይሸከማል ይላል፣ ሌላው ሬሳ ይሸከማል ይላል። ሸዋሉል ጋሽ የሻውን ጨለምተኛ አለችው፤ ጋሽ የሻው ሐጂን ከሰይጣን ጋር የሚነግድ አላቸው፤ ሐጂ «አስተግፊሩላህ» ብለው ብስኩታቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱ፤ ሊሄዱ ነው ማለት ነው። ሁሉም ግን አንድ ነገር ላይ ተስማምተዋል፤ «ክፍሌን ብቻ ነው ያነበብኩት» የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም።

አቶ በኃይሉ እጁን አነሳ። «እኔ ደግሞ ያየሁት ጉድለት አለ። መጨረሻው ላይ የልጅቷ ጥላ አልተመለሰም። የሁሉም ተመልሶ የአንዷ ይቀራል? ሪፖርት እንዲህ አይዘጋም። አፈጻጸሙ መቶ በመቶ መሆን ነበረበት።» ከረባቱን ጠረገበት፤ ማለቴ ላቡን በከረባቱ ጠረገ። «ለማንኛውም ተሳታፊዎች ስላልተስማሙ መጽሐፉ ለሚመጣው ዓመት...»

ቲቸርን አየኋት። ቀና አላለችም። የነጠላዋን ጫፍ ይዛ እየጠቀለለች፣ እየጠቀለለች ነው። እኔ እንግዲህ ዝም ማለት ከማልችልባቸው ነገሮች አንዱ የሰው ዝምታ ነው። ተነሣሁ።

«ክቡር ኃላፊ፣ አንድ ጥያቄ። ሁላችሁም ስለ ብዙ ነገር ተናገራችሁ። ስለ አዞው ማንም ያላነሳው ለምንድን ነው?»

ሸዋሉል ብስኩቷን ከአፏ መለሰች።

«አዞው?» አለ አቶ በኃይሉ።

«ከዳቡስ ወንዝ የሚወጣው። ክንፍ ያለው። ከረባት አስሮ፣ መነጽር አድርጎ፣ በየመንደሩ እየበረረ የሰው ጥላ ላይ ማህተም የሚመታው። ማህተሙ ደብዝዞ የወጣበትን ሰው ነገ ተመለስ የሚለው። እኔ በበኩሌ ከመጽሐፉ ትልቁ እሱ መስሎኝ ነበር።»

ወገኖቼ፣ በመጽሐፉ ውስጥ አዞ የለም። እንሽላሊት እንኳ የለም። ያን አዞ የፈጠርኩት ከወንበር እስክነሣ ባለችው ጊዜ ውስጥ ነው። ጣሂራ አፏን ከፈተች፤ «አዞ የት—» ስትል ለስላሳዬን አፏ ላይ ደቀንኩላት።

እያንዳንዱ ሰው የሌላውን ፊት አየ። አዞው እኔ ባላነበብኩት ክፍል ይሆናል ብሎ እያንዳንዱ አሰበ። ሌሎቹ አንብበውት እኔ ብቻ ልቅር? ያውም ቲቸር ፊት? ቀድማ የተነሣችው ሸዋሉል ናት።

«አዞውማ...» አለች፣ ደረቷን ይዛ። «ሆን ብዬ ነው ያላነሳሁት። ከልቤ ገና አልወጣም። እንባውን ሲያፈስ እኔም አፍስሻለሁ።»

«ምን እንባ ነው» አለ ጋሽ የሻው። «ያ አውሬ ማንን እንደሚወክል የገባው ይገባዋል። ስሙን አልጠራም። ልጆች አሉኝ።»

ሐጂ ዐወድ እንደገና ተቀመጡ። «አዞ ጥሩ አይደለም» አሉ። «ንግሥት ዋጋ ጨርሷል፤ አዞ መጥቶ ማህተም ይላል። ገበያ ያበላሻል። እኔ አዞ ጠላሁ።»

«ጎሽ!» አለች ሸዋሉል። «እኔም ፍቅሩን ያቀዘቀዘብኝ እሱ ነው።»

ይኸውላችሁ፣ በብርሃንና በጨለማ፣ በፍቅርና በሬሳ መስማማት ያቃታቸው ሰዎች በሌለ አዞ ላይ አንድ ልብ ሆኑ። አንዱ ጅራቱን ተቸ። አንዱ ክንፉ ሳይንሳዊ አይደለም አለ። አቶ በኃይሉ ብቻ ከረባቱን እየነካካ ነበር፤ ሙቀቱ ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም፣ ፊቱ እንደ በሰለ ማንጎ ሆኗል።

«መምህርት እስከዳር» አለ በመጨረሻ። «ይህ አዞ... ከየትኛው ቢሮ ነው?»

ቲቸር ቀና አለች። መጀመሪያ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ቀጥሎ አንባቢዎቿን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ያኔ የገባት ይመስለኛል፤ የሁለት ዓመት ልፋቷን ከነዚህ ሰዎች አንዱም እንዳላነበበው ፊቷ ላይ ሲያልፍ አየሁት። የምታለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። እሷ ግን ነጠላዋን አስተካከለችና እንደ ጨዋ ልጅ ተናገረች።

«ክቡር ኃላፊ፣ አዞው ከየትም አይደለም። ምናባዊ ነው።»

«ምናባዊም ቢሆን ከረባት ለምን አሰረ?»

«እንዲያምርበት ብዬ ነው።»

የጣሂራ ለስላሳ በአፍንጫዋ ወጣ።

«ተሳታፊዎች» አለ አቶ በኃይሉ ተነሥቶ። «ልዩነታችን የመነጨው ከአዞው ነው። እኔም መጽሐፉን በጥልቀት ስመረምር ይኸው ነበር ያሳሰበኝ። አዞው ቢወጣ መጽሐፉ ላይ ተቃውሞ ያለው አለ?»

ማንም የለም። ሐጂ እንዲያውም አጨበጨቡ።

«አዞውን ማውጣት ይከብደኛል» አለች ቲቸር። ምን ሆና ነው? «ብዙ ደክሜበታለሁ። ክንፉን ብቻ ባወጣስ?»

«አይሆንም! ሙሉ በሙሉ!»

«ከረባቱንስ?»

«በተለይ ከረባቱን!»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ኧረ ይህቺ ልጅ ደብረ ብርሃን ላይ ተዋናይ ነበረች እንዴ! «እሺ» አለች። «ለክልሉ ስል አወጣዋለሁ።»

ቃለ ጉባኤው ላይ «አዞው ይውጣ፣ መጽሐፉ ይታተም» ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተጻፈ። አቶ በኃይሉ ሐሳቡ ሳይለወጥ እዚያው ፈረመ፤ ማህተሙም ደብዝዞ ስለወጣ ደግሞ መታው።

ሊበተኑ ሲነሡ ጣሂራ እጇን አወጣች። «እኔ አልተጠየቅኩም» አለች።

«ተናገሪ ልጄ፣ ባጭሩ» አለ አቶ በኃይሉ።

«ሐሴት ጥላዋን ትታ መውጣቷ አናዶኛል። ጫካውን ያስቆጡት ትልልቆቹ ናቸው፤ ቀርከሃውን በአበባው የቆረጡት እነሱ ናቸው፤ ከፋይዋ ግን እሷ። ስትመለስ ደግሞ ማንም አያውቃትም፣ እሷም ደስ ይላታል። ቲቸር፣ እኔ ብሆን ደስ አይለኝም። ደስ አላት የሚለው ውሸት ነው። ሌላው ግን... ሌላው አስፈርቶኛል። እስካሁን ማታ ስወጣ ጥላዬን አያለሁ።»

ሸዋሉል ፈገግ ብላ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። «የኔ ቆንጆ፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ አልገባሽም። ረጋ ብለሽ ሙሉውን አንብቢው።»

«እውነቷን ነው» አለ ጋሽ የሻው። «የዛሬ ልጆች ቆራርጠው ነው የሚያነቡት።»

ጣሂራ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ውስጥ የነበረውን ብጽፈው ወረቀቱ ይቃጠላል። ቲቸር ግን እየጻፈች ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ከማንም አፍ አንድ ቃል ያልጻፈችው ልጅ መዳፏ ላይ በቢክ እየጻፈች ነበር፤ «ደስ አላት» የሚለውን ጻፈችና ሰረዘችው።

መጽሐፉ በክረምቱ መጨረሻ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ፤ ሽፋኑ ላይ ቀርከሃና ጥላ የሌላት ልጅ። ቲቸር ተማሪዎቿን ጠርታ ካርቶኑን ያስከፈተቻቸው ዕለት ልጆቹ ጀርባውን እየገለበጡ ሲያሸቱት ነበር። መጨረሻው ላይ ሐሴት ደስ አይላትም፤ መንደሩ መሃል ቆማ ትልልቆቹን አንድ በአንድ በስማቸው ትጠራቸዋለች፣ መጽሐፉም እዚያ ላይ ያልቃል። ጣሂራ አንብባ ስትመልስ «ይሄኛው ይሻላል» አለች። ከእሷ አፍ ይሄ ሽልማት ነው።

ከተማው ግን በሌላ ነገር ተናወጠ። የመጀመሪያዋ ተቆጪ ሸዋሉል ነበረች፤ ሱቄ ድረስ መጥታ፦

«ኢዘዲን፣ አነበብኩት። ደህና ነው። ግን ያለ አዞው ምን ነፍስ አለው?»

ጋሽ የሻው አዞውን ማውጣት ፈሪነት ነው እያለ በየሰፈራ መንደሩ አስወራ። ሐጂ ዐወድ «አዞ ጠላሁ አለ፣ ግን ያለ አዞ ንግሥት ብቻውን ሆነ» ብለው ሐዘናቸውን ገለጹልኝ። ባምባሲ ላይ አዞውን ራሱ በዓይኑ ያነበበ ሰው ተገኘ። ማንቡክ ድረስ ወሬው ሄዶ፣ እዚያ ደግሞ አዞው ሁለት ሆኖ፣ አንደኛው ኮፍያ አድርጓል አሉ። አቶ በኃይሉ በየስብሰባው «ያን አዞ ያስወጣሁት እኔ ነኝ» እያለ ሲናገር ቆየና፣ አንድ ቀን ማንጎው ሥር መጥቶ ግራና ቀኝ አየ። ከረባት አላሰረም።

«ኢዘዲን» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያ የድሮው፣ አዞው ያለበት ኮፒ... አንተ ጋ ይኖራል ይባላል።»

«ይኖራል፣ ክቡር ኃላፊ» አልኩት። «አሁን ግን ተከራይቷል። ሲመለስ አስቀምጥልዎታለሁ።»